ስሌት ሳይጀመር የሚጠየቀው ጥያቄ



የመምህርነትን ሥራ በጀመርሁበት ዘመን፣ በአንዲት የገጠር ከተማ ለስድስተኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ ሳስተምር፣ የንጽጽርን ትምህርት ጨርሼ ተማሪዎቼን ለመፈተን በሰሌዳው ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ ጻፍሁ፤ «የአንድ ገበሬ በጎችና ፍየሎች ንጽጽር 3 ለ 2 ነው፤ ገበሬው ስንት ፍየሎች አሉት?» ጥያቄውን ከማስታወሻዬ ስገለብጠው «በጎቹና ፍየሎቹ በድምሩ 50 ናቸው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሳላስተውል ዘልዬው ኖሯል። በየወንበሩ መካከል እየተዘዋወርሁ ሳርም፣ አብዛኞቹ ልጆች «2 ፍየሎች» ብለው ጽፈው አገኘሁ፤ ከፊሎቹ ሁለቱን ቁጥሮች ደምረው 5፣ ሌሎቹም አባዝተው 6 አድርገዋል፤ እኔም በልቤ 20 የሚለውን መልስ ይዤ ነበርና ሁሉንም በቀይ እስክሪብቶ እየሰረዝሁ አለፍሁ። በመጨረሻ በመስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ዘንድ ደረስሁ፤ ደብተርዋ ላይ ያለው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «አይታወቅም» ይላል። ይህንም ሰረዝሁት።

ልጅቱ ደብተርዋን ይዛ ተከትላኝ መጣችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ገበሬው 3 በግና 2 ፍየል ቢኖረው ልክ ይመጣል፤ 30 በግና 20 ፍየል ቢኖረውም ልክ ይመጣል፤ ታዲያ የቱን ልጻፍ?» አለችኝ። እኔ ግን ትምህርቱ ያልገባት መስሎኝ፣ ሄዳ እንድትቀመጥ አዘዝኋት። ማታ ቤቴ ገብቼ ማስታወሻዬን ስገልጥ የዘለልሁትን ዓረፍተ ነገር አየሁት። በማግስቱ ዓረፍተ ነገሩን ጨምሬ ጥያቄውን እንደ ገና ጻፍሁ፤ ልጆቹም 20 ብለው መለሱ፤ ትምህርቱም ቀጠለ። ያችን ልጅ ግን ጠርቼ፣ ትናንት ከመላው ክፍል በትክክል ያሰብሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ አላልኋትም፤ ቀዩም መስመር ከደብተርዋ ላይ ሳይነሣ ቀረ።

ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ልጅቱ ያደረገችው ነገር ምን እንደ ነበረ ለመናገር ነው። ሁለት መንጋዎችን በአሳብዋ አቆመች፤ ሁለቱም መንጋዎች ጥያቄው የተናገረውን ቃል አንድ ሳያጓድሉ ይፈጽማሉ፤ የፍየሎቹ ቁጥር ግን በአንደኛው 2፣ በሁለተኛው 20 ነው። የተሰጠውን ነገር ሁሉ የሚጠብቁ ሁለት ሁኔታዎች ተገኝተው ለተጠየቀው ነገር ሁለት የተለያዩ መልሶች ከሰጡ፣ የተሰጠው ነገር ለመልሱ እንደማይበቃ ፍጹም ተረጋገጠ ማለት ነው፤ ከዚህ ወዲያ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። «አይታወቅም» የሚለው ቃል ሳይደክሙ ሲናገሩት የስንፍና ቃል ይሆናል፤ እንዲህ ባለ ማስረጃ ተደግፎ ሲነገር ግን ከማናቸውም ስሌት የማያንስ፣ አንዳንድ ጊዜም የሚበልጥ የሒሳብ ሥራ ነው።

ንጽጽር በባሕርዩ ይህን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነገር ነው። በዛሬው የተማሪ መጽሐፍ ንጥጥር፣ በግንበኛው አፍ ደግሞ ሬሾ የሚባለው ይህ ነገር፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ በእስክንድርያ ያስተምር የነበረው ኤውክሊድ በአምስተኛው መጽሐፉ እንደ ወሰነው፣ በአንድ ወገን በሆኑ በሁለት መጠኖች መካከል በታላቅነት ረገድ ያለ ዝምድና ነው። ዝምድና የሚለውን ቃል ልብ አድርጉልኝ። አንድ ሰው የሌላው ታላቅ ወንድም ነው ቢሏችሁ የሁለቱን ዝምድና ዐወቃችሁ፤ የአንዳቸውንም ዕድሜ ግን አላወቃችሁም። የኛ ቋንቋ ይህን ነገር ለማስረዳት የተመቸ ቃል አለው፤ አባቶቻችን ነገርን ሲያካፍሉ «ሦስት እጅ»፣ «ሁለት እጅ» ይላሉና። ሦስት እጅ በግ፣ ሁለት እጅ ፍየል ነው ስንል የእጆቹን ብዛት ተናገርን፤ የአንዱን እጅ ልክ ግን ገና አልተናገርንም። እጁ አንድ ራስ ሊሆን ይችላል፤ ዐሥርም፣ መቶም ሊሆን ይችላል። የንጽጽር ጥያቄ ሁሉ እንግዲህ፣ በምንም ዓይነት ልብስ ተሸፍኖ ቢመጣ፣ ልብሱ ሲገለጥ የሚቀረው ነገር የአንዱ እጅ ልክ በተሰጠው ቃል ውስጥ አለን ወይስ የለም የሚል ነው።

የጐደለው ነገር ሁልጊዜ ቁጥር ይመስለናል። ነገር ግን ቁጥሩ ሁሉ ተሟልቶ ሳለ ጥያቄው ጐደሎ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይህም በአገራችን አውድማ ላይ ብዙ ጊዜ የታየ ነገር ስለ ሆነ፣ ጥቂት ልቆይበት እወዳለሁ።

እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ድረስ፣ በብዙ የአገራችን ክፍል ጭሰኛው ለባለ መሬቱ እንደ ስምምነታቸው ከምርቱ እኩሌታውን፣ ሲሶውን ወይም እርቦውን ያስረክብ እንደ ነበር፣ ከዚያም ቀደም ሲል አሥራት የሚባል ከምርቱ ዐሥረኛውን እጅ የሚወስድ ግብር እንደ ነበረ ከመካከላችሁ በዕድሜ የገፉት ያስታውሳሉ። እንግዲህ በሬዎቹ አበራይተው፣ እህሉ በመንሽና በላይዳ ተዘርቶ፣ ገለባው ተለይቶ፣ ንጹሑ ጤፍ በአውድማው መካከል ተከምሮ ሳለ እናስበው፤ ልኩም 30 ኩንታል ይሁን። አሥራት ይወጣል፤ ሲሶ ለባለ መሬቱ ይሰጣል፤ የቀረው የጭሰኛው ነው። ለጭሰኛው ስንት ይቀርለታል?

ተማሪው እርሳሱን አንሥቶ ሊሠራ ይችላል፤ የ30 ዐሥረኛ 3 ነው፣ የ30 ሲሶ 10 ነው፣ ስለዚህ 17 ይቀራል ይላል። ሌላው ተማሪ ደግሞ አሥራቱ አስቀድሞ ከወጣ በኋላ ሲሶው ከቀሪው 27 ላይ ይቆረጣል ብሎ ባለ መሬቱን 9 ሰጥቶ ለጭሰኛው 18 ያስቀርለታል። ሦስተኛው ተነሥቶ፣ የለም፣ ባለ መሬቱ አስቀድሞ 10 ኩንታሉን ይወስዳል፣ አሥራቱ ከቀሪው 20 ላይ 2 ኩንታል ይወጣል፣ ለጭሰኛው 18 ይቀራል ይላል። ሦስቱም በስሌታቸው አልተሳሳቱም። በጥያቄው ውስጥ የጐደለው አንድ ቁጥር አይደለም፤ «ከምን ላይ?» የሚለው ቃል ነው። ሲሶ፣ እርቦ፣ እኩሌታ፣ አሥራት፣ እነዚህ ስሞች ሁሉ ለብቻቸው መቆም የማይችሉ፣ ሁልጊዜ የሚደገፉበትን ነገር የሚፈልጉ ስሞች ናቸው፤ በቁና ሰፋሪው ሰው ፊት የሚነሣውም ጠብ በእህሉ ብዛት ላይ ሳይሆን በዚህች በአንዲት ቃል መጉደል ላይ ነው። ያቺም ቃል የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ አላት፤ አንድ ኩንታል ጤፍ በጭሰኛ ቤት ውስጥ ስንት ሳምንት እንደሚያቆይ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

በዚሁ አውድማ ላይ ግን ከዚህ የረቀቀ ሌላ ነገር አለ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ተማሪ ተመልከቱ፤ አንዱ አሥራቱን አስቀደመ፣ ሌላው ሲሶውን አስቀደመ፤ ጭሰኛው ግን በሁለቱም 18 ኩንታል አገኘ። ከዐሥር እጅ ዘጠኙን ወስዶ ከዚያ ከሦስት እጅ ሁለቱን መውሰድ፣ አስቀድሞ ከሦስት እጅ ሁለቱን ወስዶ ኋላ ከዐሥር እጅ ዘጠኙን ከመውሰድ ጋር አንድ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ወሳጅ ከቀሪው ላይ እንደሚቆርጥ ብቻ ቢነገረን፣ ማን እንደሚቀድም ባይነገረንም፣ «ለጭሰኛው ስንት ይቀራል?» ለሚለው ጥያቄ ማስረጃው ይበቃል። «ባለ መሬቱ ስንት ወሰደ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ያው ማስረጃ አይበቃም፤ 9 ወይም 10 ሊሆን ይችላልና። እህሉ ያው፣ ቃሉም ያው ሳለ፣ ለአንደኛው ጥያቄ የሞላው ለሁለተኛው ጐደለ። ከዚህ የምንረዳው በቂነት የማስረጃው የብቻው ጠባይ አለመሆኑን፣ በማስረጃውና በጥያቄው መካከል ያለ ዝምድና መሆኑን ነው። ተማሪ «ምን ምን ተሰጠኝ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «በትክክል የተጠየቅሁት ምንድር ነው?» ብሎም መጠየቅ አለበት የምለው ስለዚህ ነው፤ ብዙ ልጆች የጥያቄውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ሳያነቡ ስሌት ሲጀምሩ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ሙግት አደባባይ ልውሰዳችሁ። የድሮ ዳኞች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ተሟጋቾቹ ተጠየቅ ሲባባሉ ሲሰሙ፣ የሁለት ምስክሮች ቃል ይፈልጉ ነበር፤ ነገር ግን ሁለተኛው ምስክር የተናገረው ከፊተኛው የሰማውን እንደ ሆነ፣ ብልህ ዳኛ ሁለቱን እንደ አንድ ይቈጥራቸዋል። የንጽጽር ጥያቄም እንዲሁ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሴቶች ልጆች አሉ ብለን እንጠይቅ። ፊተኛው ምስክር የወንዶቹና የሴቶቹ ንጽጽር 3 ለ 2 ነው አለ። ሁለተኛው መጣና ሴቶቹ ከጠቅላላው ክፍል ከአምስት እጅ ሁለቱ ናቸው አለ። ቃሉ ሌላ መሰለ፤ ሲመረመር ግን ፊተኛው የተናገረውን ልብስ ለውጦ መናገር ብቻ ነው፤ አንዱም እጅ ልኩ አልታወቀም። በርሱ ፈንታ ወንዶቹ ከሴቶቹ በ9 ይበልጣሉ የሚል ምስክር ቢመጣ ግን፣ የሦስት እጅና የሁለት እጅ ልዩነት አንድ እጅ ስለ ሆነ፣ አንዱ እጅ 9 መሆኑ ወዲያው ታወቀ፤ ሴቶቹ 18፣ ወንዶቹ 27 ናቸው። ይህም ምስክር ብቻውን ምንም ሊያስፈርድ አይችልም ነበር፤ በ9 የሚበላለጡ ቁጥሮች ስፍር የላቸውምና። ሁለቱ ለየብቻቸው ጐደሎ ሆነው ሳሉ ሲገናኙ ሞሉ።

በውጭ አገር የንግድ አስተዳደር ትምህርት ለመማር የሚፈልጉ ልጆቻችን የሚቀመጡበት ጂማት የተባለው ፈተና፣ ይህንኑ ዳኝነት የሚጠይቅ የጥያቄ ዓይነት አለው። በዚያ ዓይነት ጥያቄ ተፈታኙ መልሱን ቈጥሮ እንዲያመጣ አይጠየቅም፤ አንድ ጥያቄና ሁለት ቃሎች ይቀርቡለትና፣ አንደኛው ብቻውን ይበቃ እንደ ሆነ፣ ሁለተኛው ብቻውን ይበቃ እንደ ሆነ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይበቁ እንደ ሆነ፣ ሁለቱ ሲደመሩ ብቻ ይበቁ እንደ ሆነ፣ ወይም ተደምረውም የማይበቁ እንደ ሆነ መፍረድ ብቻ ይጠበቅበታል። እኔ ይህን ዓይነት ጥያቄ ለሥራ አስኪያጅነት ከሚዘጋጁ ጐልማሶች ይልቅ ለዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሚያስፈልግ አድርጌ አየዋለሁ።

ብዛት ያለው ቃል ሁሉ ማስረጃ እንዳይመስለን ሁለት ጥያቄዎችን ጐን ለጐን ላቁም። ፊተኛው፤ በአንድ ትምህርት ቤት የወንዶችና የሴቶች ንጽጽር 3 ለ 2 ነበረ፤ 3 ወንዶችና 2 ሴቶች ተጨመሩ፤ ንጽጽሩ ከዚያም በኋላ 3 ለ 2 ሆነ፤ ተማሪዎቹ ስንት ነበሩ? ሁለተኛው፤ ንጽጽሩ 3 ለ 2 ነበረ፤ 5 ሴቶች ተጨመሩ፤ ንጽጽሩ 4 ለ 3 ሆነ፤ ተማሪዎቹ ስንት ነበሩ? በሁለቱም ጥያቄ ጠቅላላ ቁጥር አልተነገረም፤ ስለዚህም ተማሪው ሁለቱንም «አይታወቅም» ቢል እንረዳዋለን። ነገር ግን ፊተኛው ጥያቄ ባዶ ነው፤ በሦስት እጅ ላይ 3፣ በሁለት እጅ ላይ 2 መጨመር ንጽጽሩን በማናቸውም ልክ ቢሆን አይለውጠውም፤ አምስት ልጆች ቢኖሩም አምስት ሺህ ቢኖሩም ያው ነው፤ ስለ ጭማሪው የተነገረው ሁሉ የቀደመውን ቃል መድገም ብቻ ሆነ። ሁለተኛው ግን ሙሉ ነው። ወንዶቹ አልተነኩም፤ ሦስት እጅ እንደ ሆኑ አሉ። አሁን ወንዶቹ 4 ሲሆኑ ሴቶቹ 3 ናቸውና፣ ሴቶቹ የወንዶቹን ሦስት እርቦ ያህላሉ ማለት ነው፤ የሦስት እጅ ሦስት እርቦ ሁለት እጅ ተሩብ ነው። ሴቶቹ አስቀድሞ ሁለት እጅ ነበሩ፤ ስለዚህ የተጨመሩት 5 ሴቶች የእጁ ሩብ ናቸው፤ አንዱ እጅም 20 ነው። ወንዶቹ 60፣ ሴቶቹ 40 ነበሩ፤ ሴቶቹ 45 ሲሆኑ 60 ለ 45 በእውነት 4 ለ 3 ነው። አንዱ እጅ ከተሸሸገበት ጓዳ የወጣው ንጽጽሩ ስለ ተለወጠ ነው፤ ንጽጽር በታወቀ ቁጥር ጭማሪ ምክንያት ሲናወጥ፣ ልኩን ይገልጣል።

የነገሩ ባሕርይ ራሱ ምስክር የሚሆንበትም ጊዜ አለ። የወንዶቹና የሴቶቹ ንጽጽር 3 ለ 2 ነው፤ ተማሪዎቹ ከ40 ይበልጣሉ፣ ከ50 ያንሳሉ ብንባል፣ ለጊዜው ማስረጃው የሚያጥር ይመስላል። ነገር ግን ሰው አይከፈልም፤ አምስት እጅ ሆነው የሚከፋፈሉ ሰዎች ቁጥራቸው የግድ በ5 ተካፋይ ነው፤ በ40ና በ50 መካከል ያለው እንዲህ ያለ ቁጥር 45 ብቻ ነው። በተማሪዎች ፈንታ የጤፍና የገብስ ኪሎ ቢሆን ኖሮ ግን ያው ቃል አይበቃም ነበር፤ እህል እስከ ቅንጣት ይከፈላልና። እንዲሁም ንጽጽሩ 3 ለ 2፣ ተማሪዎቹም በድምሩ 48 ናቸው የሚል ጥያቄ ቢመጣ፣ ምስክሮቹ ተቃርነዋልና መዝገቡ መዘጋት አለበት።

በዚህ ስፍራ ከንጽጽር ጥቂት ወጣ ብዬ ወደ አብነት ትምህርት ቤት ብሻገር አትቀየሙኝ፤ ስለ በቂነት፣ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን ከሚወጣበት ከባሕረ ሐሳብ ስሌት የተሻለ መምህር አላውቅምና። የባሕረ ሐሳብ መምህር ለደቀ መዝሙሩ ዓመተ ዓለሙን ብቻ ይሰጠዋል፤ ደቀ መዝሙሩም ከዚያ ከአንድ ቁጥር ተነሥቶ ወንበሩን፣ አበቅቴውን፣ መጥቅዑን፣ መባጃ ሐመሩን፣ አጽዋማቱንና በዓላቱን ሁሉ ያወጣል። አሁን መምህሩ ዓመቱን ሸሽጎ፣ «አበቅቴው 20 ነው፤ መጥቅዑ 10 ነው፤ ጾመ ነነዌ በስንት ቀን ይውላል?» ብሎ ቢጠይቅስ? ሁለት ቁጥሮች ተሰጡ፤ በዓመተ ዓለም ግን የተሰጠው አንድ ብቻ ነበር። ሆኖም አይበቁም። የ1997 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7497 ነው፤ የ2016 ዓ.ም. ደግሞ 7516 ነው፤ ሁለቱም ለ19 ሲካፈሉ 11 ይቀራል፤ ወንበራቸው 10፣ አበቅቴያቸው 20፣ መጥቅዓቸው 10 ነው። ነገር ግን የመጥቅዑ ቀን፣ ማለት ጥቅምት 10፣ በ1997 ረቡዕ ዋለ፣ በ2016 ቅዳሜ ዋለ፤ በመጥቅዑ ላይ የሚደመረው የዕለት ተውሳክ ለረቡዕ 4፣ ለቅዳሜ 8 ነው። ስለዚህ ነነዌ በ1997 የካቲት 14፣ በ2016 የካቲት 18 ሆነ፤ ትንሣኤም በፊተኛው ዓመት ሚያዝያ 23፣ በሁለተኛው ሚያዝያ 27 ዋለ። ደግሞም አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው 30 ስለሚሆኑ፣ ሁለቱን መስጠት አንዱን ሁለት ጊዜ መስጠት ነው፤ ከአፍ የሰማውን የሚደግመው ያ ሁለተኛ ምስክር እዚህም ተገኘ። የጐደለው ዕለቱ ነበረ። አብነት የተማረ ልጅ ይህን ጥያቄ ሲሰማ ስሌት አይጀምርም፤ «መጥቅዑ በማን ቀን ዋለ?» ብሎ ይጠይቃል።

የኛ ዘመናዊ ትምህርት ግን ይህን መልሶ የመጠየቅ ልማድ ከልጆቻችን አጥፍቷል ብዬ እፈራለሁ፤ ይህም ፍርሃት የኛ ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980 ገደማ፣ በፈረንሳይ አገር በግሬኖብል ያለ የሒሳብ ትምህርት ምርምር ተቋም ለትንንሽ ተማሪዎች፣ በአንድ መርከብ ላይ 26 በጎችና 10 ፍየሎች ቢኖሩ የመርከቡ አዛዥ ዕድሜው ስንት ነው የሚል ጥያቄ አቀረበ። ከ97ቱ ልጆች 76ቱ በተሰጧቸው ቁጥሮች ሠርተው ዕድሜውን ተናገሩ። ስቴላ ባሩክ የተባለች የሒሳብ መምህርት በ1985 ስለዚሁ ነገር ሙሉ መጽሐፍ ጽፋለች። እነዚያ ልጆች ደካሞች አልነበሩም፤ መምህር የሚሰጠው ጥያቄ ሁሉ መልስ አለው፣ መልሱም ከተሰጡት ቁጥሮች ይወጣል የሚለውን ትምህርት በሚገባ የተማሩ ልጆች ነበሩ። ይህን ትምህርት ማንም በቃል አላስተማራቸውም፤ ጐደሎ ጥያቄ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያዩ በመቆየታቸው ተማሩት። የኔ ተማሪዎችም ያን ቀን «2 ፍየሎች» ብለው የጻፉት በዚሁ ምክንያት ነው።

በቡዳፔስት ተወልዶ በዙሪክ ብዙ ዘመን ያስተማረው፣ በኋላም በአሜሪካ በስታንፎርድ የኖረው ጆርጅ ፖሊያ፣ ጥያቄ እንዴት እንደሚፈታ በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ተማሪው ነገሩን ለመረዳት በሚሞክርበት በመጀመሪያው ደረጃ ላይ፣ የተሰጠው ነገር የማይታወቀውን ለመወሰን ይበቃ እንደ ሆነ፣ ያንስ እንደ ሆነ፣ ይተርፍ እንደ ሆነ ወይም ይቃረን እንደ ሆነ ራሱን እንዲጠይቅ ይመክራል። ስፍራውን አስተውሉ፤ ፖሊያ ይህን ጥያቄ ያኖረው ከስሌቱ በፊት ነው፤ እኛ ግን ያኖርነው እንደ ሆነ እንኳ በመጨረሻ፣ መልሱ እንግዳ ሆኖ ሲመጣ ነው።

ነገሩ በሰሌዳና በደብተር የሚያልቅ እንዳይመስላችሁ አንድ የሥራ ቦታ ላሳያችሁ። ቤት በሚሠራበት ስፍራ አርማታ ሲቦካ፣ ፎርማኑ «1 ለ 2 ለ 3» ይላል፤ አንድ ሳጥን ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር ማለቱ ነው። የቀን ሠራተኞቹ በሳንቃ ሳጥን እየሰፈሩ ያፈስሳሉ፤ ንጽጽሩም በትክክል ይጠበቃል። ከዚያ አንዱ ሠራተኛ ጀሪካን ይዞ ይመጣና፣ አርማታው ለአካፋ እስኪለሰልስ ድረስ ውኃ ይጨምራል። ይህ አርማታ ምሰሶውን ይሸከማልን ብሎ የሚጠይቅ ሰው «1 ለ 2 ለ 3» የሚለው ቃል ብቻ ይበቃዋልን? አይበቃውም። ደፍ ኤብራምስ የተባለ መሐንዲስ በቺካጎ ባደረገው ምርምር በ1918 እንዳስረዳው፣ የአርማታውን ጥንካሬ ከሁሉ ይልቅ የሚወስነው የውኃውና የሲሚንቶው ንጽጽር ነው፤ ውኃው በበዛ ቁጥር ጥንካሬው ይቀንሳል። ለአንድ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ 25 ሊትር ውኃና 40 ሊትር ውኃ ያፈሰሱ ሁለት ሰዎች፣ ሁለቱም «1 ለ 2 ለ 3 አቦካን» ብለው ቢምሉ አልዋሹም፤ ምሰሶዎቹ ግን አንድ አይደሉም። ያቺ ልጅ ሁለት መንጋ አቁማ እንዳሳየችኝ፣ እነዚህም ሁለት ምሰሶዎች በአንድ ንጽጽር ሥር ቆመዋል።

እንግዲህ መምህራን ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የምለምናችሁ ነገር ትንሽ ናት። በምትሰጡት በያንዳንዱ የንጽጽር ፈተና ውስጥ፣ ከአምስት ጥያቄ አንዱ ሆን ተብሎ የጐደለ ይሁን፤ የትኛው እንደ ሆነም ለልጆቹ አትንገሯቸው። እኔ ከብዙ ዓመታት ወዲህ እንዲህ አደርጋለሁ። ለዚያ ጥያቄ ካለው 5 ነጥብ፣ አይበቃም ብሎ ለፈረደ 1 ነጥብ እሰጣለሁ፤ ምን እንደ ጐደለ በቃሉ ለተናገረ 2 ነጥብ እጨምራለሁ፤ የቀሩትን 2 ነጥቦች የምሰጠው የተሰጠውን ቃል ሁሉ የሚጠብቁ፣ መልሳቸው ግን የሚለያይ ሁለት ምሳሌዎችን ላመጣ ልጅ ነው። «አይታወቅም» ብሎ ብቻ የጻፈው እንግዲህ 1 ያገኛል፤ ከሥሩ «3 በግና 2 ፍየል፣ ወይም 30 በግና 20 ፍየል፤ ድምሩ ቢነገረኝ እመልሳለሁ» ብሎ የጨመረው 5ቱንም ያገኛል።